የናይትሮ መኪና ሞተሪኖ፦ ጠዋት ይታነቃል፣ ረፋድ ላይ ባዶውን ይዞራል

ጥያቄ፦ ከሆጤ፣ ደሴ

ጤና ይስጥልኝ። ውጭ አገር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ለዕረፍት በመጣ ጊዜ በሪሞት የምትነዳ፣ በናይትሮ ነዳጅ የምትሠራ ትንሽ ፒካፕ አምጥቶልኛል። መጠኗ የእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ ሲሆን፣ ሞተሯ ባለ ሁለት ምት ሆኖ 3 ሲሲ ገደማ ይሆናል። የምትነሳው ገመድ በመሳብ ሳይሆን በ7.2 ቮልት ባትሪ በሚሠራ፣ በእጅ በሚያዝ ሞተሪኖ ነው፤ የሞተሪኖው ባለ ስድስት ጎን ዘንግ በሞተሩ ጀርባ ባለው ቀዳዳ ይገባና ሞተሩን ያዞረዋል።

ችግሩ ሁለት መልክ አለው። ጠዋት፣ በተለይ በዚህ በኅዳር ብርድ፣ ቁልፉን ስጫን ሞተሪኖው አንድ ጊዜ ግር ብሎ ይታነቃል። ቮላኖው (ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚዞረው ከባድ ጎማ) ሩብ ዙር እንኳን ሳይሄድ ቀጥ ይላል፤ ሞተሪኖውን አጥብቄ ካልያዝኩት እጄን ጠምዝዞ ሊያመልጠኝ ይደርሳል። ደጋግሜ ከሞከርኩ በኋላ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሞተሪኖው በሙሉ ፍጥነቱ ይጮኻል፣ ዘንጉ ሲሽከረከር በዓይኔ አየዋለሁ፣ ቮላኖው ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

እስካሁን ያየሁትን ልግለጽ። ባትሪው ሙሉ ነው። ግሎ ፕላጉን (ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ባለ ሽቦ ፕላግ) ፈትቼ ከማሞቂያው ጋር ሳገናኘው ሽቦው ይቀላል። ነዳጁ 20 በመቶ ናይትሮሜታን ያለው ሲሆን፣ ይህን ጨዋታ ከሚወድ አንድ የአዲስ አበባ ወዳጄ የተቀበልኩት የተጀመረ ጠርሙስ ነው። ከማስነሳቴ በፊት፣ ነዳጁ ወደ ካርቡራተሩ እንዲሳብ የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) አፍ በጣቴ ዘግቼ ጥቂት አዞረዋለሁ። አንድ የሰፈራችን ባለሙያ ሞተሪኖው ስለተቃጠለ ይቀየር ብሎኛል፤ እየጮኸ የሚዞር ሞተሪኖ ተቃጥሏል መባሉ ግን አልተዋጠልኝም። ከየት ብጀምር ይሻላል? የደሴ ከፍታስ በዚህ ነገር እጁ ይኖርበት ይሆን? ከተስተካከለች በኋላ ኮምቦልቻ ካሉት የአክስቴ ልጆች ዘንድ ይዣት ለመውረድ ስለማስብ፣ ለዚያም የሚያስፈልግ ጥንቃቄ ካለ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ከቦርከና ዳር፣ ኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ዘርዝረህ ስላቀረብከው ሥራችንን አቅልለህልናል። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በሞተር ሳይክልና በባጃጅ ጥገና ነው፤ ይሁንና ልጄ እንዳንተው በዚህ ጨዋታ ስለተለከፈች እነዚህ ትንንሽ ሞተሮች በእጄ አልፈዋል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ትንሽም ይሁን ትልቅ ጠባዩ አንድ ነው።

በቅድሚያ፣ አዲስ ሞተሪኖ እንዳትገዛ። የገለጽካቸው ሁለት ምልክቶች የሚናገሩት ተቃራኒ ነገር ነው። ሞተሪኖው በሚታነቅበት ጊዜ ጉልበቱ እስከ ሞተሩ ድረስ እየደረሰ ነው፤ አልዞርም ያለው ሞተሩ ነው። ባዶውን በሚዞርበት ጊዜ ግን ጉልበቱ መንገድ ላይ እየቀረ ነው፤ ሞተሩ ገና ዙር አልተባለም። ሁለቱንም በአንድ የተቃጠለ ሞተሪኖ ማስረዳት አይቻልም፣ የተቃጠለ ሞተሪኖ ሽታውም ያስታውቃልና።

መጀመሪያ ሞተሪኖውን ወዲያ አስቀምጠው። ግሎ ፕላጉን በ8 ሚሊሜትር ቁልፍ ፍታ፤ ከሥሩ ያለችው የመዳብ ቀለበት እንዳትጠፋብህ። ከዚያ ቮላኖውን በጣትህ፣ ጣትህ ካልደረሰ ደግሞ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ እየገፋህ በዝግታ አዙረው። ፕላጉ ወጥቶ እያለ ሞተሩ በቀላሉ ከዞረና ከቀዳዳው ነዳጅ ከተፋ፣ ታፍኖ ነበር ማለት ነው። አየር ይጨመቃል፣ ፈሳሽ ግን አይጨመቅም፤ ስለዚህ ከፒስተኑ በላይ ነዳጅ ሲሞላ ፒስተኑ መውጫ አጥቶ መሐል መንገድ ላይ ይቆማል። በዚህ ጊዜ ጉልበት መጨመር ቢየላውን፣ ማለትም ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ፣ ማጉበጥ ነው። ቢየላው ከጎበጠ ደግሞ መኪናዋ የጌጥ ዕቃ ሆና ትቀራለች፣ መለዋወጫው በደሴም በኮምቦልቻም ገበያ የሚገኝ አይደለምና።

ሁለተኛው የሚያጋጥምህ ነገር፣ ፕላጉ ወጥቶም ፒስተኑ ወደ ላይኛው ጫፍ ሲቃረብ ቆንጠጥ ማለቱ ነው። ይህን አይተህ አትደንግጥ። የእነዚህ ሞተሮች ሲሊንደር ከላይ በኩል በጣም በጥቂቱ ጠበብ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ሲሞቅ ደግሞ ይሰፋና ፒስተኑን በልኩ ይይዘዋል። በብርድ ጠዋት፣ ያውም ገና ባልተሟሸ ሞተር ላይ፣ ቁንጠጣው ከፍ ይላል። ቴስታታውን (የሲሊንደሩን የላይ ክዳን) በፀጉር ማድረቂያ ለጥቂት ደቂቃ አሙቀውና ደግመህ አዙረው፤ ልዩነቱን ራስህ ታየዋለህ። ማታ ሥራ ጨርሰህ ስታቆማትም ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ቮላኖውን አዙረህ ፒስተኑን ወደ ታችኛው ጫፍ አውርደው። ላይኛው ጫፍ ላይ ካደረ ሲሊንደሩ እየቀዘቀዘ ሲጠብ ቆንጥጦ ይይዘዋል፤ ይህም የጠዋቱን ሥራ ከማክበዱም በላይ መጨመቂያውን ቀስ በቀስ ይጎዳዋል። በሁሉም ቦታ የሚከብድ፣ አሸዋ የገባበት ዓይነት የሚያንገራግር ከሆነ ግን ነገሩ የኩሽኔታ (ዘንጉ ያለችግር እንዲዞር የሚይዘው ክፍል) ዝገት ነውና ሌላ ጨዋታ ነው።

ታፍኖ ከሆነ አፈሳሰሱ እንደሚከተለው ነው። የነዳጁን ቱቦ ቆንጥጠህ ያዝ፤ መኪናዋን ገልብጠህ የፕላጉ ቀዳዳ ወደ መሬት እንዲያይ አድርግ፤ በቀዳዳው ላይ ጨርቅ ያዝበትና ሞተሪኖውን ለአጭር ጊዜ አዙረው። ነዳጁ ጨርቁ ላይ ይተፋል። በማርሚታው ውስጥ የተጠራቀመውንም አዘንብለህ አፍስሰው፣ ያለበለዚያ መልሶ ይገባልሃል። ሌላው፣ ያ የማርሚታን አፍ በጣት የመዝጋት ዘዴ ጥሩ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ያበዛዋል። ዓይንህን ከቱቦው ላይ አታንሣ፤ ነዳጁ ካርቡራተሩ ጋ በደረሰበት ቅጽበት ጣትህን አንሣ። ከዚያ በኋላ የሚገባው ሁሉ ትርፍ ነው።

መልስ፦ የጦሳ ልጅ፣ አዲስ አበባ

ከላይ ጋሼ የሰጡት መልስ ትክክለኛ ነው፤ ይሁን እንጂ ከፍታውን በተመለከተ የተባለ ነገር ስለሌለ ልጨምርበት። እኔም ደሴ ተወልጄ ያደግኩ ስለሆንኩ የጠዋቱን ብርድ አውቀዋለሁ።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ሞተሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር በዚያው ልክ ያንሳል። የካርቡራተሩ መርፌ ግን ይህን አያውቅም፤ ከፋብሪካ በመጣበት ልክ ነዳጁን ይለቃል። ያውም የፋብሪካው ልክ ሞተሩ እንዳይቃጠል ተብሎ ከመነሻው ነዳጅ በዛ እንዲል የተደረገ ነው። በዚህ ላይ በጣት የሚሳበው ሲታከልበት መታፈኑ የማይቀር ነው። ስለዚህ በእኔ አስተያየት የችግሩ ሥር ከፍታው ነው፤ ዋናውን የነዳጅ መርፌ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ አንድ ስምንተኛ ዙር መዝጋት ያስፈልጋል።

ከዚህ በተጨማሪ በጥያቄው ውስጥ አንዲት ቃል ትኩረቴን ስባዋለች። የግሎ ፕላጉ ሽቦ «ይቀላል» ብለሃል። መቅላት ግን አይበቃውም፤ ጥላ ውስጥ ሆነህ ስታየው ደማቅ ብርቱካናማ ሆኖ መጋል አለበት፣ መጠምጠሚያው ሁሉ እኩል መብራት አለበት። ድብዝዝ ያለ ቀይ ከሆነ፣ የማሞቂያው ባትሪ ደክሟል ወይም ፕላጉ አርጅቷል። ማሞቂያው ከ1.2 እስከ 1.5 ቮልት ብቻ የሚሰጥ ነውና ትንሽ መድከሙ ወዲያው ይታወቃል፤ ከዚያ የበለጠ ቮልት ልስጠው ብትል ደግሞ ሽቦው ይበጠሳል። ይህ ፕላግ እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ ብልጭታ የሚሰጥ አይደለም። ሞተሩ እስኪነሳ በባትሪ ይግላል፤ ከተነሳ በኋላ ማሞቂያው ሲነቀል የፕላቲኒየም ሽቦው ከሜታኖሉ (በነዳጁ ውስጥ ካለው አልኮል) ጋር በሚፈጥረው ኬሚካዊ መስተጋብርና ከቃጠሎው በሚያገኘው ሙቀት ራሱን እንዳጋለ ይቀጥላል። ድብዝዝ ብሎ የጋለ ሽቦ ላይ ቀዝቃዛ ነዳጅ ሲፈስበት ጨርሶ ይጠፋል፤ አንተም ሞተሪኖውን እያዞርክ ሳይቃጠል የቀረውን ነዳጅ ትከምርበታለህ።

ጠርሙሱ የተጀመረ መሆኑንም አትናቀው። ሜታኖል ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ክዳኑ ላልቶ ከከረመ ነዳጁ ውስጥ ውኃ ይገባል፣ ይህም አነሳሱን ከማበላሸቱ ሌላ የውስጥ ኩሽኔታዎችን ያዝጋል። እድሜውን የማታውቀው ነዳጅ ይዘህ መርፌ ማስተካከል ትርፉ ድካም ነው።

መልስ፦ ከቦርከና ዳር፣ ኮምቦልቻ

የጦሳው ልጅ ስለ ፕላጉ የተናገረው ለእኔም ጠቅሞኛል፤ «ይቀላል» የምትለዋን ቃል እኔ አልፌያት ነበር። በመርፌው ጉዳይ ግን አልስማማም፤ ቢያንስ ለጊዜው። ከፍታ ሞተርን ያፍናል፣ ጉልበቱንም ይቀንሳል፤ ዘንግን ግን አያንሸራትትም። ሞተሪኖው ባዶውን ሲዞር ችግሩ ያለው በሞተሪኖውና በሞተሩ መሐል ነው፣ እዚያ ደግሞ ነዳጅም አየርም ሥራ የለውም። በተጨማሪም ገና ያልተነሳና ያልተሟሸ ሞተር ላይ መርፌ መዝጋት አደገኛ ነው። ዘይቱ የሚመጣው ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ ነዳጅ ስታሳንስ ዘይቱንም አሳነስክ። መጀመሪያ ይዙር፣ ከዚያ ይነሳ፣ መርፌው ላይ የምንነጋገረው ሞቆ ሲሠራ ካየነው በኋላ ነው።

ጠያቂው፦ ከሆጤ፣ ደሴ

ጋሼ፣ አንተም ወንድሜ፣ ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፕላጉን ፈትቼ መኪናዋን ገልብጬ ሳዞራት፣ እንዳሉት ጨርቁን እስኪያርሰው ድረስ ነዳጅ ተፋች። ከዚያ በኋላ ቮላኖው በጣት ይዞራል፤ ወደ ላይ ሲደርስ ብቻ ቆንጠጥ ይላል፣ በፀጉር ማድረቂያ ሳሞቀው ደግሞ ያም ቀለል አለ። የማሞቂያውን ባትሪ በአዲስ ስቀይረው ሽቦው ነጣ ወዳለ ብርቱካናማ ተለወጠ፤ የጦሳው ልጅ የጠረጠረው ትክክል ነበር።

መታነቁ በዚህ ቀርቷል። መንሸራተቱ ግን አልጠፋም፤ ፕላጉን መልሼ ሳስረው፣ መጨመቂያው ጋ ሲደርስ ዘንጉ ይለቃል። ስለዚህ የሞተሩን የኋላ ክዳን ፈታሁት። ዘንጉ የሚያልፍባት ትንሽ ባለ አንድ አቅጣጫ ኩሽኔታ ቡናማ፣ ሙጫ በመሰለ ዘይት ተለውሳለች። ዘንጉን በጣቴ ሳዞረው አንዳንዴ ትይዘዋለች፣ አንዳንዴ በሁለቱም አቅጣጫ ትለቀዋለች። ትጸዳለች ወይስ መቀየር ይኖርባታል?

መልስ፦ ከቦርከና ዳር፣ ኮምቦልቻ

አገኘሃት። ያቺ ኩሽኔታ ሥራዋ ከብስክሌት የኋላ ጎማ ፍሪ የተለየ አይደለም፤ በአንዱ አቅጣጫ ትይዛለች፣ በሌላው ትለቃለች። ሞተሪኖው ሲያዞር ዘንጉን ጨምድዳ ትይዝና ጉልበቱን ለሞተሩ ታስተላልፋለች፤ ሞተሩ ተነስቶ ፍጥነቱ ከሞተሪኖው ሲበልጥ ትለቀዋለች። ውስጧ ቀጫጭን መርፌ የሚያካክሉ ሲሊንደሮች አሉ፤ እነርሱንም ትንንሽ ሞላዎች ወደ ጠባቡ ጎን እየገፉ ከዘንጉ ጋር ያጣብቋቸዋል። ዘይቱ ሙጫ ሲሆን ሲሊንደሮቹ ከጎድጓዳቸው አይወጡም፣ ስለዚህ የሚይዝ የለም።

ሁለቱ ችግሮችህ ዘመዳሞች መሆናቸውን ልብ በል። ሞተሩ በታፈነ ቁጥር ትርፉ ነዳጅ ወደ ታች ወርዶ የክራንኩን ቤት ይሞላና በኋላ ክዳኑ በኩል እያለፈ ይህችን ኩሽኔታ ያርሳታል። ሜታኖሉ ይተናል፣ የጉሎ ዘይቱ ይቀራል፤ ያ ነው የሙጫው ምንጭ። ጠዋት ታንቆ፣ ደጋግመህ ከሞከርክ በኋላ የሚንሸራተተውም ለዚህ ነው፤ በየሙከራው አዲስ ዘይት ትጨምርላታለህ።

አጸዳዷ ቀላል ነው፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ከክዳኑ ላይ ሳታወጣት በፊት የትኛው ጎኗ ወደ ውጭ እንደሚያይ ምልክት አድርግ፤ ተገልብጣ ከገባች ሞተሩን በማዞር ፈንታ ትለቀዋለች። ጠብቃ ከተቀመጠች ደግሞ ሳታወጣት እዚያው እጠባት እንጂ በካቻቢቴ አትፈንቅላት። ከፋርማሲ የሚገኘውን አልኮል በትንሽ ዕቃ አድርገህ አስጥማት፤ ዘንጉን ወደምትለቅበት አቅጣጫ እያዞርክ አልኮሉ ንጹሕ እስኪሆን ድረስ ለዋውጠው። የፋርማሲው አልኮል ውኃ ስላለበት ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቃት፣ አለበለዚያ በሙጫ ፈንታ ዝገት ታገኛለህ። ከደረቀች በኋላ የስፌት መኪና ዘይት ዓይነት ቀጭን ዘይት አንዲት ጠብታ ብቻ ስጣት። ግሪስ እንዳትነካት፤ ግሪስ ማለት መልሶ ሙጫ ማለት ነው።

አሁን ዘንጉን በጥንቃቄ ጥረገውና በብርሃን እየው፤ ኩሽኔታዋ የምትይዝበትን ቦታ በጥፍርህ ዳብሰው። ለስላሳ ከሆነ ይቀጥላል። ጥፍርህን የሚይዝ ጭረት ወይም ጎድጎድ ያለ ቀለበት ካለው ግን ማጽዳቱ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚያገለግልህ፤ ወንድምህ ሲልክልህ ኩሽኔታዋንም ዘንጉንም አብሮ ይላክ። አዲስ ኩሽኔታ በተበላ ዘንግ ላይ ዕድሜ የላትም።

ክዳኑን ስትመልሰው ጓርኒሲዮኑ (በክዳኑና በሞተሩ መሐል ያለው ማሸጊያ) እንዳልተቀደደ እይ፤ ብሎኖቹንም በመስቀለኛ፣ ሁሉንም ጥቂት በጥቂት እያደረግክ እሰራቸው። በዚያ በኩል አየር ከሳበ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጠው ቀስ ብሎ የሚሠራበት ዙር) አይረጋም፣ ሞተሩም በሙቀት ይጎዳል፤ ያን ጊዜ ጥፋቱን ካርቡራተሩ ላይ ስትፈልግ ትከርማለህ።

መልስ፦ ከሐይቅ

ከላይ የተሰጡት ምክሮች በቂ ናቸው፤ እኔ ለጥንቃቄ ያህል ብቻ ነው የምጽፈው። ፕላጉ ወጥቶ ሞተሩ ሲዞር የሚተፋው ነዳጅ ሩቅ ይደርሳልና የጋለ ማሞቂያም ሆነ ሲጋራ በአቅራቢያ መኖር የለበትም። የሜታኖል እሳት በቀን ብርሃን አይታይም፤ ጨርቁ እየነደደ ሳታውቀው ልትይዘው ትችላለህ። ሜታኖል ሲጠጣ መርዝ ነው፣ በቆዳም ስለሚገባ ጓንት አድርግ፤ ጠርሙሱንም ከልጆች አርቀህ አስቀምጥ። በየሰፈሩ «ቤንዚን ከዘይት ጋር ቀላቅለህ ሞክር» ወይም «ጠንከር ያለ አረቄ ይሠራላታል» የሚል አይጠፋም። ቤንዚኑ በግሎ ፕላግ አይነሳም፣ የሲሊኮን ቱቦዎቹንም አሳብጦ ያበላሻቸዋል። አረቄውም ኤታኖልና ውኃ እንጂ ሜታኖል ስላልሆነ፣ ዘይትም ስለሌለው፣ ለእንግዳ ይቅረብ።

ጠያቂው፦ ከሆጤ፣ ደሴ

ተነሳች። ኩሽኔታዋ ታጥባ ደርቃ ስትገባ ሞተሪኖው ሳይለቅ አዞራት፤ ጎረቤቶቻችንም ጩኸቷን ሰምተው ከየደጃፉ ብቅ ብቅ አሉ። ዘንጉ ላይ በጥፍር የምትታወቅ ቀጭን ጭረት ስላገኘሁ ሁለቱም እንዲላኩልኝ ለወንድሜ ጽፌለታለሁ። ነዳጁም በአዲስ እስኪተካ ድረስ አጫጭር ሙከራ ብቻ ነው የማደርገው። አሁን ነጭ ጭስ በብዛት ታወጣለች፣ ነዳጅ ስትሰጣትም ትንተባተባለች። የኮምቦልቻው ጉዞ እንዴት ይሁን?

መልስ፦ የጦሳ ልጅ፣ አዲስ አበባ

እንኳን ደስ ያለህ። የመርፌውን ነገር አሁን መነጋገር እንችላለን፤ ጋሼም የሚቃወሙኝ አይመስለኝም። ሞተሩ ገና እየተሟሸ ከሆነ ጭሱና መንተባተቡ ምንም አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹን ታንኮች እንደዚያው ነዳጅ በዝቶባት ብትጨርስ ይጠቅማታል እንጂ አይጎዳትም። ከዚያ በኋላ በደንብ ሞቃ ሳለች ዋናውን መርፌ በአንድ ጊዜ ከአንድ ስምንተኛ ዙር ሳታስበልጥ ዝጋና ነድተህ ተመልከት። ፍጥነቷ ሲያምር፣ ከማርሚታው ቀጭን የጭስ መስመር ሲቀር እዚያ ላይ አቁም። ቴስታታው ላይ አንዲት የውኃ ጠብታ ጣል፤ ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ ፈልታ ካለቀች ሙቀቱ ደህና ነው። እንደወደቀች ጭስ ብላ ከጠፋች ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሏልና ወዲያው አጥፍተህ መርፌውን ክፈት።

የኮምቦልቻው ጉዞ ጥንቃቄ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች፣ ሐረጎን ጨርሰህ ስትወርድ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ዝቅ ብለሃል፤ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ደሴ ላይ ልኩ የተገኘ መርፌ እዚያ ሲደርስ ነዳጅ ያነሰው ይሆናል። ክፋቱ ደግሞ ሞተሩ እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ ላይ ይበልጥ የፈጠነና የጎበዘ መምሰሉ ነው፤ የአክስትህ ልጆች እያጨበጨቡ ሳለ ውስጡ ዘይት አጥቶ ይቃጠላል። ስለዚህ ከማስነሳትህ በፊት ዋናውን መርፌ በሰዓት አቆጣጠር ተቃራኒ አንድ ስምንተኛ ዙር ክፈተው፤ ጭስ መኖሩን እያየህ፣ በውኃ ጠብታውም እየፈተንክ ከዚያ ተነስተህ አስተካክል። ሞተሪኖውም በሞቃት አየር ስለሚቀለው ማርሚታውን በጣት መዝጋቱን ተወው፤ ነዳጁ ሳይደርስ ሲቀር ብቻ ተጠቀምበት። ስንት እንደከፈትክ ወረቀት ላይ ጻፈው፤ ደሴ ስትመለስ ያንኑ ያህል መልሰህ ትዘጋዋለህ።